የሕፃን የመኪና ወንበር፦ ጉድለቱ በአደጋ ቀን ብቻ የሚታይ ሸቀጥ

ለገበያ ከሚቀርቡ ዕቃዎች አብዛኞቹ ጉድለታቸውን ቶሎ ይናገራሉ። የተቀየጠ ቅቤ ድስት ላይ ይታወቃል፤ የደከመ ባትሪ ጠዋት መኪና ሲነሣ ይጋለጣል፤ ክሩ የሳሳ ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይለያል። ገዢው ተመልሶ ይመጣል፣ ይከራከራል፣ ያስለውጣል ወይም ዳግመኛ ከዚያ ሱቅ አይገዛም። በዚህ መንገድ ገበያው በጊዜ ብዛት ራሱን ያርማል።

የሕፃናት የመኪና ወንበር፣ ነጋዴው «ካር ሲት» የሚለው ዕቃ፣ ከዚህ ልማድ ውጪ ነው። ወንበሩ ጎዶሎ ሆኖ ሳለ ሕፃን ለዓመታት ሊቀመጥበት፣ ሊተኛበትና ሊበላበት ይችላል። ጉድለቱ የሚታወቀው መኪናው በተጋጨባት ቅጽበት ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ዕቃውን መልሶ ገንዘብ መቀበል ትርጉም አይኖረውም።

ይህ ዕቃ ወደ አገራችን የሚገባው በሦስት በር ነው። አንደኛው በር አዲስ ዕቃ የሚያስመጣው ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጡ ወገኖቻችን ሻንጣ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ቤተሰብ ልጁ ሲያድግበት በደላላ፣ በወዳጅ ወይም በቴሌግራም ገበያ ለሌላው የሚያስተላልፈው ያገለገለ ወንበር ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ወንበር የተዘጋጀ ማያያዣ ይዘው የሚመጡ በመሆናቸው ፈላጊው እየጨመረ ቢሄድ አያስደንቅም።

በዚህ ጽሑፍ የወንበሩ ጉድለት ከየት እንደሚመነጭ፣ ኪሣራው በማን ላይ እንደሚወድቅና ነጋዴውም ሆነ መኪና አከራዩ ምን ማድረግ እንደሚገባው ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌነት የመረጥነው የላስታን ደጋና የላሊበላን መንገድ ነው። ምክንያቱም ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ መኪናውና መንገዱ አንድ ላይ የሚፈተኑት፣ በተለይም በገና ሰሞን ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ልጆች ይዘው በሚጓዙ ቤተሰቦች ላይ፣ እንዲህ ባለው ጉዞ ነው።

ዋጋ ለምን አይመሰክርም?

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ በጻፈው ጥናት አንድ ቀላል ነገር አሳይቷል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ሲያውቅ ገዢው ግን የማያውቅ ከሆነ፣ ገዢው ለደኅናውም ለብልሹውም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ ደኅና ዕቃ ያለው ሰው ለመሸጥ አይፈልግም፤ ብልሹ ያለው ግን ደስ ብሎት ይሸጣል። ስለዚህ ብልሹው ደኅናውን ከገበያ እያስወጣ ይሄዳል። አከርሎፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ከዚህ ሥራ በመነሣት ነው።

በሕፃናት ወንበር ገበያ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ሊብሬውን ያያል፤ ቦሎውን ይመረምራል፤ ነድቶ ይሞክራል። ለሕፃን ወንበር ግን መካኒክም ሊብሬም ቦሎም የለም፤ ጋጭቶ መሞከርም አይቻልም። ብዙውን ጊዜ ሻጩ ራሱ ጉድለቱን አያውቅም። ስለሆነም ዋጋው የሚተመነው በጨርቁ ንጽሕና፣ በቀለሙና በስሙ ነው። ከሦስቱ አንዱም የሕፃኑን ሕይወት የሚጠብቅ አይደለም።

ወንበሩ የሚሠራው ሥራ

ብዙ ሰው የሕፃን ወንበር ለምቾት የተሠራ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለው አካል የሚያርፍበት ኃይል ከክብደቱ 20 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ለያዘው ሰው 200 ኪሎ፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ጤፍ ያህል ይከብዳል። ሁለት ኩንታል በክንዷ የምታስቀር እናት የለችም። «አጥብቄ እይዘዋለሁ» የሚለው መተማመኛ የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው።

በሌላ አነጋገር፣ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጋጨት ከ10 ሜትር ከፍታ ወድቆ መሬት ከመምታት ጋር እኩል ነው። ላሊበላን የሚያውቅ ሰው ከቤተ ጊዮርጊስ አናት ዙሪያ ካለው የዓለት ጠርዝ ወደ ታችኛው ወለል ቢመለከት የምንናገረውን ከፍታ ይረዳዋል።

የወንበሩ ሥራ ይህን ኃይል በሕፃኑ ትከሻ፣ ደረትና ዳሌ ላይ አከፋፍሎ፣ ከዚያም በመኪናው ቀበቶ በኩል ወደ መኪናው አካል ማስተላለፍ ነው። እንደ ሰንሰለት ነው ማለት ይቻላል። የሕፃኑ ማንገቻ፣ ዘለበቱ፣ የፕላስቲክ ገላው፣ የመኪናው ቀበቶ፣ የመኪናው መቀመጫና መቀመጫው ከወለሉ ጋር የተያያዘበት ብሎን በየተራ ይሸከማሉ። አንዱ ከተበጠሰ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም። የአሜሪካ የመንገድ ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እንደሚገምተው፣ በቤት መኪና ውስጥ በትክክል የታሠረ ወንበር ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሞትን አደጋ በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉት ላይ ደግሞ በ54 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ውጤት የሚገኘው ግን ሰንሰለቱ ሙሉ ሲሆን ነው።

የላስታ መንገድ የሚጠይቀው

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪና የድልብን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ በደጋው ላይ ወደ ጋሸና ይጓዛል፤ ከጋሸና ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን የተራራ መንገድ ይዞ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። በአውሮፕላን የሚመጣውም ቢሆን ከማረፊያው እስከ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይወጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ ከበላይዋ ያለው አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ ፍሬን የሚግልበት ቁልቁለትና ሰውን ከጎን ወደ ጎን የሚጥል ኩርባ የዕለት ጉዳይ ነው። በኩርባ ላይ ያልታሠረ ሕፃን ግጭት ሳይኖር እንኳ ከመቀመጫው ይንሸራተታል።

የሚሠማራውን መኪናም ማየት ያስፈልጋል። የላሊበላ የመኪና ኪራይ በጎብኚ ላይ የቆመ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ራሱ ወደ ከተማዋ መግባቱ፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት ገቢውን ደጋግሞ አቋርጦታል። ገቢው የተቋረጠ ባለመኪና ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዘገየው ሞተር የማያቆመውን ወጪ ነው፤ የተበጠሰ የኋላ ቀበቶ ደግሞ ሞተር አያቆምም። በሌላ በኩል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ የቤት መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ስለጣለ፣ ቀድሞ የገባው መኪና ዋጋው ተወዶ ብዙ ዘመን እንዲሠራ ሆኗል።

በሕዝብ ማመላለሻው በኩል ደግሞ አንድ የታወቀ ልማድ አለ። ሕፃን ታቅፎ የሚሳፈር ሰው ለሕፃኑ አይከፍልም። ለሕፃኑ የራሱን መቀመጫ ለመያዝ የሚፈልግ ወላጅ ግን የአንድ ሰው ታሪፍ ይጠየቃል። እንግዲህ ታሪፉ ራሱ ሕፃኑን ጭን ላይ እንዲያስቀምጡት ይገፋፋል ማለት ነው። ይህ የወላጅ ግድየለሽነት ሳይሆን የዋጋ ውጤት ነው። ከወልድያ መናኸሪያ የሚነሣ ወላጅ በአንቀልባ ወይም በክንዱ የያዘውን ልጅ ያለ ክፍያ ማድረስ ሲችል፣ ትርፍ መቀመጫ ይገዛል ብሎ መጠበቅ የገበያን ጠባይ አለማወቅ ይሆናል። አንቀልባ ለእግር መንገድ ተወዳዳሪ የሌለው ዕቃ ነው፤ ለመኪና ግጭት ግን አልተሠራም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ የሚሞተውን ሰው ከ100,000 ሕዝብ 26.7 እንደሚሆን ገምቶ ነበር። በዚሁ ሪፖርት የተሟላ የሕፃናት መቀመጫ ሕግ አላቸው ተብለው የተቆጠሩት አገሮች 33 ብቻ ሲሆኑ፣ አገራችን ከእነርሱ መካከል አልነበረችም።

የጉድለቱ አምስት ምንጮች

አንደኛው የፋብሪካ ጉድለት ነው። ታላላቅ ስሞችም ከዚህ አላመለጡም። ግራኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ከስድስት ሚሊዮን በላይ ወንበሮችን ለጥገና ጠርቷል። ምክንያቱ ምግብና መጠጥ ሲፈስበት ዘለበቱ እየጠነከረ አልከፈት ማለቱ ነበር። በአደጋ ጊዜ ሕፃኑን ቶሎ ማውጣት አይቻልም ማለት ነው። ኩባንያው ጉድለቱን በጊዜው ባለማሳወቁ በ2015 እ.ኤ.አ. 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቅጣት ተቀብሏል።

ለእኛ ነጋዴ ዋናው ቁም ነገር ግን ጥሪው እንዴት እንደሚደርስ ነው። በአሜሪካ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ወንበር የባለቤት መመዝገቢያ ካርድ ይዞ እንዲሸጥ ይገደዳል። ጉድለት ሲገኝ ኩባንያው ደብዳቤ የሚጽፈው በዚያ ካርድ ለተመዘገበው ሰው ነው። ወንበሩ በሻንጣ ተጭኖ አዲስ አበባ ከገባና ከዚያ በሁለተኛ እጅ ላሊበላ ላለ አከራይ ከተሸጠ ደብዳቤው ሜሪላንድ ይቀራል። የጥሪው ሥርዓት ከድንበር አያልፍም። ዕቃው ያልፋል።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ለወንበሩ ከ6 እስከ 10 ዓመት የአገልግሎት ዘመን ይወስናሉ። ፕላስቲክ በሙቀትና በፀሐይ ይደርቃል፤ የማንገቻው ክር ይሳሳል። የፀሐይ ጨረር ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚበረታ፣ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይባላል፣ ወንበሩን ለማስታወቂያ ከሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የሚደረድር ነጋዴ በአዲስ አበባም ሆነ በላስታ የራሱን ዕቃ ዕድሜ እየበላ ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ነው። ከባድ ግጭት የደረሰበት ወንበር ላዩ ደኅና ቢመስልም በውስጡ ሊሰነጠቅ ስለሚችል አምራቾች እንዲጣል ያዛሉ። አደጋ ከደረሰበት መኪና ወጥቶ ታጥቦ የሚሸጥ ወንበር ታሪኩን አይናገርም። በአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ሲወረወር የመጣውም እንዲሁ ገላው ሊመረመር ይገባዋል።

አራተኛው አስመሳይ ዕቃ ነው። ጠንካራ ገላ የሌላቸው፣ ከጨርቅና ከጥቂት ማሰሪያ ብቻ የተሰፉ «ወንበሮች» በኢንተርኔት ገበያ በርካሽ ይሸጣሉ። የእንግሊዝ የንግድ ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ያሉትን በተደጋጋሚ ከገበያ አስወግደዋል። በመልክ ትራስ ይመስላሉ፤ በግጭት ጊዜ የሚሰጡት መከታም ከትራስ አይበልጥም።

አምስተኛው አለመገጣጠም ነው። የአሜሪካው አስተዳደር ባደረገው ጥናት ከወንበሮቹ 46 በመቶ የሚሆኑት መከታውን የሚቀንስ የአጠቃቀም ስሕተት ታይቶባቸዋል። ሕጉ በበረታበት፣ መመሪያው በአገሩ ቋንቋ በተጻፈበት ቦታ እንዲህ ከሆነ፣ መመሪያው በቻይንኛ ወይም በጀርመንኛ ተጽፎ ለመጣ ወንበር ስሕተቱ አይቀንስም። በላስታ ብርድ አንድ ስሕተት በተለይ ሊጠቀስ ይገባል። ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልሎ ከዚያ በላይ ማንገቻውን ማሰር ነው። በግጭት ጊዜ ጋቢው ሲጨመቅ ማንገቻው ይላላል፤ ሕፃኑም ሾልኮ ይወጣል። ትክክለኛው መጀመሪያ ሕፃኑን በስስ ልብሱ አጥብቆ ማሰር፣ ጋቢውን ከላይ ማልበስ ነው። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ወንበሩ ደኅና፣ መኪናው ጎዶሎ

በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሰንሰለቱ ሁለተኛ ግማሽ ነው። ምርጥ ወንበር ቢገዛም የሚታሠርበት ቀበቶ ከሌለ የክፍል ማስጌጫ ይሆናል። ዲኤክስ በሚባለው አሮጌ ኮሮላ የኋላ መቀመጫ ላይ የሚሠራ ቀበቶ ማግኘት ዕድል ነው። በአንዳንድ ሚኒባሶች ደግሞ የተሳፋሪው መቀመጫ የተሠራው ወይም የተጨመረው በፋብሪካ ሳይሆን በበያጅና በታፒሴሪ ቤት ነው። ቫን ሆኖ የገባው መኪና ወለሉ ተበስቶ፣ አግዳሚው ተበይዶ ሰው ይጭናል። በእንዲህ ያለው አግዳሚ ላይ ቀበቶ ቢጨመርበት እንኳ ብየዳው ምን ያህል ኃይል እንደሚችል የፈተነው የለም። በባጃጅ ላይ ደግሞ ወንበሩን የሚያስር ምንም ነገር የለም።

ሌላው «አይሶፊክስ» የሚባለው የብረት ማያያዣ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ወንበሮች በዚህ ማያያዣ ብቻ እንዲታሠሩ የተሠሩ ናቸው። በአሜሪካ ተመሳሳዩ ማያያዣ በመኪኖች ላይ ግዴታ የሆነው በ2002 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያለው ገዢ እንዲህ ያለውን ወንበር ቢገዛ ገንዘቡን መጣሉ ነው። ሻጩ «መኪናህ ምንድን ነው? የስንት ዓመት ሥሪት ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ መሸጥ የለበትም።

በተጨማሪም ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚታሠር የጨቅላ ወንበር ኤርባግ ባለበት የፊት መቀመጫ ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የወንበሩን ጀርባ መትቶ ጨቅላውን ሊገድል ይችላል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ በዚህ ምክንያት ሕፃናት ሞተዋል።

ሕጉ በማን ላይ ይጥለዋል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ነገር ግን ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ኃላፊነቱ ይቀራል። የዚህ አንቀጽ ትርጉም ለገዢው ግልጽ ነው። የተሰነጠቀ ገላ፣ የተቀደደ ማንገቻ ወይም ያለፈበት ቀን እያየ የገዛ ሰው በኋላ ለመክሰስ ይቸገራል።

አምራቹ ውጭ አገር ስለሆነ በተግባር የሚገኘው ሻጩ ነው። በሽያጭ ሕጋችን መሠረት ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ጉድለቱን አውቆ ደብቆ ከሆነም «ከሱቅ ከወጣ ኃላፊ አይደለንም» የሚል ጽሑፍ አያድነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ለጫማ ወይም ለሬዲዮ 15 ቀን ይበቃ ይሆናል። ለዓመታት ተደብቆ ለሚኖር ጉድለት ግን የሚጠቅመው ገዢው ዕቃውን በገዛበት ቀን መርምሮ ከሆነ ብቻ ነው።

መኪና አከራዩና አስጎብኚው ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለባቸው። ተሳፋሪን በክፍያ ያጓጓዘ ሰው በደኅና ማድረስ የውሉ ግዴታ ነው። ከኪራዩ ጋር የሕፃን ወንበር ያቀረበ ሰው የማይሠራ ወንበር ካቀረበ፣ ምንም ካላቀረበው ሰው ይልቅ ሊጠየቅ የሚችልበት ምክንያት አለ። ወላጁ ተማምኖ ልጁን ያስቀመጠው በእርሱ ቃል ነውና።

ሒሳቡ ሲታይ

ደኅና ወንበር ውድ ነው የሚለውን ክርክር በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው። አንድ አከራይ 20,000 ብር አውጥቶ 8 ዓመት የሚያገለግል አዲስ ወንበር ቢገዛ ወጪው በዓመት 2,500 ብር ነው። በዓመት 50 ቀን ቢያከራየው በቀን 50 ብር ይሆናል፤ ለማጽጃና ለማከማቻ እጥፍ ቢጨምርበት 100 ብር። ለላሊበላ ጉዞ ላንድክሩዘር የተከራየ ቤተሰብ ይህን ለመክፈል አያቅማማም።

ሌላው አከራይ «ርካሽ ነው» ብሎ 6,000 ብር የሚሸጥ ያገለገለ ወንበር ገዛ እንበል። በወንበሩ ጀርባ የተጻፈው ቀን ሲታይ የቀረው ዕድሜ 2 ዓመት ነው። ወጪው በዓመት 3,000 ብር መጣ ማለት ነው። ርካሹ ወንበር አደጋ ሳይደርስ ገና በሒሳብ መዝገብ ላይ ተወዷል። ስለዚህ ያገለገለ ወንበር ሲገዛ ዋጋው ለቀረው ዕድሜ መካፈል አለበት። ይህን የማያደርግ ገዢ ዋጋውን አላወቀም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

ለአስመጪውም፣ ለችርቻሮ ነጋዴውም፣ ለደላላውም፣ ለአከራዩም የሚከተሉት ምርመራዎች አሥር ደቂቃ አይፈጁም።

1. የምርመራ ምልክቱን ማየት። በአውሮፓ ደንብ የተፈተነ ወንበር በክብ ውስጥ «ኢ» የሚባለው የላቲን ፊደል ከቁጥር ጋር ይታተምበታል፤ ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ያመለክታል፤ 1 ጀርመን፣ 4 ኔዘርላንድ ነው። አሮጌው ደንብ 44፣ አዲሱ 129 ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት በደንብ 44 የተሠራ ወንበር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሽያጭ አይቀርብም። ወንበሩ ጎዶሎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን እዚያ የቆመ ክምችት ሌላ ገበያ መፈለጉ ስለማይቀር፣ አስመጪው በአዲሱ ዋጋ እንዳይገዛው ይጠንቀቅ። ከቻይና የሚመጣው ደግሞ ከሴፕቴምበር 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አገር ግዴታ የሆነውን የ«ሦስት ሲ» ምልክት መያዝ አለበት። የአሜሪካው የአገሩን የፌዴራል ደረጃዎች ማሟላቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ምልክት የሌለው ወንበር አይገዛም።

2. የተሠራበትን ቀንና የሞዴል ቁጥሩን መጻፍ። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ወይም ከጀርባው ይገኛል። በሞዴል ቁጥሩ ወንበሩ ለጥገና ተጠርቶ እንደሆነ በአምራቹ ወይም በአሜሪካው አስተዳደር ድረ ገጽ በነጻ ማረጋገጥ ይቻላል። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ምክንያት አለው።

3. ጨርቁን አውልቆ ገላውን ማየት። ስንጥቅ፣ የነጣ መስመር፣ የጠፋ ብሎን ካለ ይተዋል።

4. ዘለበቱን ደጋግሞ መዝጋትና መክፈት። ሲዘጋ ጠቅ ማለት፣ ሲከፈት በአንድ ጣት መታዘዝ አለበት። የምግብ ፍርፋሪና የመንገድ አቧራ ጠላቶቹ ናቸው። ማንገቻው በረኪና ሊነካው አይገባም፤ ክሩን ይበላዋል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

5. በገዢው መኪና ላይ አስሮ መሞከር። ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ተይዞ ሲነቀነቅ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚንቀሳቀስ ከሆነ አልታሠረም።

6. ታሪኩን የሚያውቅ ሻጭ ብቻ መምረጥ። «ግጭት ደርሶበት አያውቅም» የሚለውን ቃል በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ነው። የማይጽፍ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

7. ዘመኑ ያለፈበትን ማጥፋት። ማንገቻው ተቆርጦ፣ ገላው ላይ «አይጠቅምም» ተብሎ በቀለም ሳይጻፍበት ለቆራሌው ከተሰጠ በሳምንቱ ታጥቦ ገበያ ላይ ይገኛል።

ለሕዝብ ማመላለሻ ባለቤቶች ደግሞ የሚቀርበው ሐሳብ ከዚህ የቀለለ ነው። በሚኒባሱ ላይ ቢያንስ አንድ መደዳ የፋብሪካ መቀመጫና የሚሠራ ቀበቶ ቢኖር፣ ለዚያ ቦታ ለሕፃን ግማሽ ታሪፍ ቢወሰን፣ ከጭን ወደ መቀመጫ የሚሸጋገር ወላጅ ይገኛል። ላሊበላ ያሉ ሆቴሎችና አስጎብኚዎችም ሁለት ሦስት ደኅና ወንበሮችን በጋራ ገዝተው በመዝገብ ቢያከራዩ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ርካሽ ከሚፈልግ ይልቅ ወጪው ይቀላል፤ የወንበሩም ታሪክ ተጽፎ ይቀመጣል።

በዚህ ገበያ የጎደለው ዕቃው አይደለም፤ ስለ ዕቃው የሚመሰክር ወረቀት ነው። የተሠራበትን ቀን፣ የሞዴል ቁጥሩንና የግጭት ታሪኩን በደረሰኙ ላይ የሚጽፍ ነጋዴ ከተገኘ ገዢው በጨርቁ ንጽሕና መተመኑን ትቶ በወረቀቱ መተመን ይጀምራል። ያን ጊዜ ደኅናውን ወንበር ያመጣው አስመጪ ዋጋውን ያገኛል፤ ብልሹውን ያመጣው ደግሞ ዕቃው በእጁ ይቀራል።